የጋሽ ምትኩ ሠላሳ አንደኛ ሳጥን

ጋሽ ምትኩ ማረፋቸውን የሰማሁት ከብሎካችን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። «የብሎካችን ነዋሪ የነበሩት አቶ ምትኩ ማረፋቸውን በታላቅ ኀዘን እንገልጻለን» ይላል። ከሥሩ ስምንት ሰው አውራ ጣቱን ቀስሮበታል። አንዱ የምታለቅስ ድመት ለጥፏል። ወዲያው ከድመቷ ቀጥሎ «ውሃ ዛሬ ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?» የሚል ጥያቄ አለ። ስልኩን አልጋው ላይ ወርውሬ ሄጄ እጄን ታጠብኩ።

እኔ ቶሎ የሚያስጠላኝ ሰው ነኝ። ይሄን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ሕይወቴን ያበላሸ አመል ነው። ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ሙዝ ከላጠ ሳልደርስ እወርዳለሁ። ሌላ ሰው የበላበትን ማንኪያ አልነካም። ጉርሻ አልቀበልም፤ በሠርግም ቢሆን፣ የእናቴም እጅ ቢሆን። እናቴ «አንቺን የሚያገባሽ ሰው በጓንት ነው የሚያገባሽ» ትለኝ ነበር፤ እስካሁን በጓንትም የመጣ የለም። የሚያስጠሉኝን ነገሮች ልዘርዝር ብል ቀኑ ይመሻል። ከሁሉም የባሰ የሚያስጠላኝ ግን አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

መካኒሳ፣ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ፈንጠር ብሎ፣ አንዲት ጠባብ የጽሕፈት ቤት አለችኝ። የኮምፒውተር ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ላሚኔሽን፣ ጥረዛ። የማመልከቻ፣ የኪራይ ውልና የመመረቂያ ጽሑፍ ደንበኛ አይጠፋም። ቤቴ ለቡ መብራት ኃይል ኮንዶሚኒየም ነው፤ እኔ ሦስተኛ ፎቅ፣ ጋሽ ምትኩና ባለቤታቸው እትዬ ጽጌ ደግሞ ምድር ላይ። ጋሽ ምትኩ ዕድሜያቸውን በመንገድ ቀያሽነት ጨርሰው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ጡረታ ወጥተውም እርሳሷ ከጆሯቸው ላይ አልወረደችም። ለዓመታት ደረጃው ሥር «እንደምን አደሩ»፣ «እንደምን አመሹ» ከመባባል አላለፍንም።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሱቄ መጡ። በሁለት ፌስታል የተጠቀለለ ነገር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና፣ ከመፍታታቸው በፊት ከኪሳቸው ነጭ የጨርቅ ጓንት አውጥተው አደረጉ። ጓንት ያለው ሰው ደስ ይለኛል፤ ይሄስ ንጹሕ ሰው ነው ብዬ ጠጋ አልኩ። ከፌስታሉ የወጣው ውፍረቱ ዳዊት የሚያህል ጠንካራ የካርቶን ሳጥን ነው። ሽፋኑ ላይ አንዲት ሴት አፏን በልቅጣለች። ከአፏ ፀጉር ይወጣል። በፀጉሩ መሀል ትል ይርመሰመሳል።

«ጋሽ ምትኩ! በእናትዎ ይሄን ነገር ከጠረጴዛዬ ላይ ያንሱልኝ!»

መታወቂያውን ኮፒ ሊያስደርግ የቆመ ሰውዬ አማተበ።

«ፊልም ነው» አሉኝ ረጋ ብለው። «የጃፓን ፊልም። ለሰብሳቢዎች ተብሎ የወጣ እትም። ይኸው ጀርባዋ ላይ ቁጥር አላት፤ ከዚህ በኋላ አይታተምም።»

የእህታቸው ልጅ የበረራ አስተናጋጅ ናት። ውጭ በወጣች ቁጥር አንድ ሳጥን ታመጣላቸዋለች። ፊልሞቹ ሲወጡ በአገራቸውም ብዙ ሰው ያላያቸው፣ በትንሽ ገንዘብ የተሠሩ፣ ጭራቅና ቁስል የበዛባቸው አሮጌ ፊልሞች ናቸው። ከዓመታት በኋላ ወዳጆች አገኙና ከአቧራቸው አውጥተው፣ ምስሉን አጽድተው፣ በሚያምር ሳጥን አድርገው ጥቂት ቅጂ አወጧቸው። ሳጥኑ ውስጥ ብሉሬይ የሚባለው የፊልም ዲስክ አለ፣ የታጠፈ ፖስተር አለ፣ ስለ ፊልሙ በእንግሊዝኛ የተጻፈች ትንሽ መጽሐፍ አለች። የሳጥኑን ወገብ ዞራ የምታስር የጃፓንኛ ጽሑፍ ያለባት ቀጭን ወረቀትም አለች፤ ጋሽ ምትኩ «መቀነቷ» ይሏታል። መቀነቷ የጠፋች ሳጥን ለሰብሳቢ ዋጋ የላትም አሉኝ። ሲያወልቋት ትንፋሻቸውን ይዘው ነበር።

«ታዲያ እኔ ምን ላድርግልዎ?»

«ሁሉ አላት፣ አማርኛ ነው የጎደላት።»

ለእያንዳንዱ ሳጥን በአማርኛ ትንሽ መጽሐፍ ሊያዘጋጁ ነው። ገጸ ባሕርያቱ ትዕይንት በትዕይንት ምን እንደሚሉ ከሥር ከሚሮጠው እንግሊዝኛ ተርጉመው፣ የራሳቸውን ማብራሪያ ጨምረው፣ በዚያ የካርታ ላይ ጽሕፈት በሚመስል ፊደላቸው በደብተር ጽፈውታል። እኔ ልተይበው፣ በሳጥኑ ልክ ልቁረጠው፣ ልስፋው። ሠላሳ አንድ ሳጥን ነው ያላቸው።

«ማን ሊያነበው ነው?»

«አንድ አንባቢ አለኝ» አሉ።

እንግዲህ በየቅዳሜው የምተይበው ይሄን ነበር፦ «ትዕይንት ሰባት። ሰውዬው ከእንቅልፉ ሲነቃ ጆሮው ትራሱ ላይ ቀርቷል። ‹ዛሬ ሥራ አልገባም› ይላል።» እየተየብኩ ያቅለሸልሸኛል። ምሳዬን ሳልበላ የዋልኩባቸው ቅዳሜዎች ብዙ ናቸው። ፍልሰታ ሲገባ ግን ሰውየው የሠሩትን አልረሳም። ደብተራቸውን ስገልጥ በየመስመሩ ክፍት ቦታ አለ፤ «ጭራቁ የሽማግሌውን ………… አውጥቶ በላው» ይላል።

«እዚህ ጋ ምንድን ነው የጎደለው?»

«ጉበት ነው» አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «በጾም አይጻፍም ብዬ ነው። ክፍቱን ተይው፤ ሲፈታ እንሞላዋለን።»

ደግሞም ተሞላ። ጾሙ በተፈታ በመጀመሪያው ቅዳሜ መጥተው አጠገቤ ቆመው፣ አሥራ አንድ ጉበትና አራት ኩላሊት አስገቡኝ። አላሳቃቸውም፤ ሥራ ነው።

ፊቴን ሳዞር ካዩኝ አንድ አመል አላቸው። ወገባቸውን አጥፈው፣ አፍንጫቸው ሥዕሉን ሊነካ እስኪደርስ ይጎነበሱና በጓንታቸው ጫፍ እያሳዩ «ጠጋ ብለሽ እይ። የሚያስጠላው ከሩቅ ነው» ይላሉ። «ይሄ ትል የምትዪው ክር ነው፤ ሙጫ ውስጥ ነክረውት ነው። አንድ ሰው ቁጭ ብሎ አንዱን ከአንዱ በእጁ ጠምዝዞታል። ስንት ቀን እንደፈጀበት አስቢው። እንዲህ የተደከመበትን ነገር ቢያንስ አንድ ሰው ፊቱን ሳያዞር ሊያይለት ይገባል።»

እኔ ጠጋ ብዬ ባየውም ትል ነው።

በሰፈር የሳቸውን ሳጥኖች ያወቀው ሰው የውሃ ቆጣሪ የሚያነበው ልጅ ነው። በሩ ተከፍቶ ሳሎናቸው ውስጥ መደርደሪያው ላይ የተደረደሩትን ፊቶች አይቶ ለብሎኩ ሁሉ አወራ። የኮሚቴያችን ሰብሳቢ ወይዘሮ ዘነበች ከዚያ ወዲህ በሳቸው በር ስታልፍ ልጆቿን በእጇ ወደ ግድግዳው ታስጠጋለች። «ቤቱ ውስጥ መንፈስ አለ» ተባለ። አንድ ጠዋት ማንነቱ ያልታወቀ ሰው በራቸውን በጸበል አርሶት ተገኘ። ጋሽ ምትኩ ባልዲና ጨርቅ ይዘው ወጥተው «በሩ ከታጠበ ቆይቶ ነበር፤ ማን እንደሆነ እንጃ፣ እግዜር ይስጠው» አሉና ወለወሉት። ሰው ሁሉ ያዘነው ለእትዬ ጽጌ ነው። ሰንበት የማያጓድሉ ሴት ከነዚያ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር እንዴት ይተኛሉ ተባለ። እኔም አዝኜላቸው ነበር።

የዚያው ክረምት የፍሳሽ ጉድጓዱ ሞልቶ ግቢውን አጥለቀለቀው። ይሄን በዝርዝር አልጽፍም፤ አሁንም አፍንጫዬ ውስጥ ነው። ነዋሪው በየበረንዳው ቆሞ አፍንጫውን ይዞ በሌላ እጁ ፎቶ ያነሳል። ግሩፑ በፎቶ ሞላ። ኮሚቴው ስብሰባ ይጠራ አለ። ጋሽ ምትኩ የጎማ ጓንትና ረጅም ብረት ይዘው ወጡ፤ ጎንበስ ብለው ጉድጓዱን አዩት፤ አፍንጫቸውን አልያዙም። ከብዙ ቁፋሮ በኋላ የተጠቀለለ የሕፃን ዳይፐር ጎትተው አወጡ፤ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ወይዘሮ ዘነበች ከሁለተኛ ፎቅ «የማን ነው እሱ? ይታወቅ!» ብላ ጮኸች። በብሎኩ ያለችው ብቸኛ ሕፃን የማን እንደሆነች ሁላችንም እናውቃለን፤ የሷ የልጅ ልጅ ናት።

«የሁላችንም ነው፣ ወይዘሮ ዘነበች» አሉ ቀና ሳይሉ።

እኔ በረንዳዬ ላይ ነበርኩ። አልወረድኩም።

ከዚያ ስኳሩ እግራቸው ላይ ወጣ። ከድሮ ጀምሮ ስኳር ነበረባቸው። አንዲት ጫማ የላጠቻት ቁስል አልድን አለች። ሐኪሞቹ ሁለት ጣት ቆርጠው ሸኟቸው፣ ቁስሉ ግን ወደ ላይ ቀጠለ። ቅዳሜ መምጣት አቆሙ። ያኔ ሠላሳው ሳጥን መጽሐፉን አግኝቷል፤ የቀረችው አንዲት ናት።

ሽታው መጀመሪያ ሳሎናቸው ውስጥ ነበር፣ ከዚያ ደረጃው ሥር ደረሰ። የብሎኩን ሰው አመል ያየሁት ያኔ ነው። ጠያቂ አልጠፋም፤ ጠያቂው ግን አይገባም። ብርቱካኑን በፌስታል በሩ እጀታ ላይ አንጠልጥሎ «እግዜር ይማርልን፣ ተኝተው ከሆነ አንቀስቅሳቸው» ብሎ ይሄዳል። በጠራራ ፀሐይ፣ ሬዲዮ እየተሰማ፣ ተኝተው ከሆነ! እጀታው ላይ አምስት ስድስት ፌስታል ተንጠልጥሎ ያየሁበት ቀን አለ። ከነዚያ አንዱ የኔ ነው።

አንድ እሑድ እትዬ ጽጌ ደረጃውን ወጥተው በሬን አንኳኩ። «ሰናይት፣ ጋሽሽ ይፈልግሻል። የመጨረሻዋን እጁ እምቢ ብሎት መጻፍ አቃተው። እሱ ይናገራል፣ አንቺ ትጽፊለታለሽ።» እምቢ የሚባል ነገር አይደለም። ደብተር፣ እስክሪብቶና ከሥሩ የማስደግፍበት ካርቶን ይዤ፣ ነጠላዬን ደርቤ ወረድኩ።

በሩ ሲከፈት ሽታው ፊቴን መታኝ። ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ ያደረግኩት አስቤበት አይደለም፤ እጄ ቀድሞኝ ሄደ። ጋሽ ምትኩ ሳሎኑ ውስጥ ከመደርደሪያው ሥር በተዘረጋች አልጋ ተኝተዋል። እትዬ ጽጌ ከእግራቸው ዘንድ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ለብ ያለ ጨው ውሃ ባለበት ሳፋ እግራቸውን ያጥባሉ። በባዶ እጃቸው። ጋሽ ምትኩ ቀና ብለው አዩኝ፤ ነጠላውንም አዩት።

«ግቢ እንጂ ልጄ።»

የበሩ መድረክ ላይ ቆምኩ፣ አንድ ጫማዬ ከውስጥ አንዱ ከውጭ።

«ይሁን» አሉ ወዲያው፣ እኔን ከመልስ ሊያድኑ። «ከበሩም ይሰማል። ትዕይንት አንድ ብለሽ ጀምሪ።»

ፊልሙ የአንድ ጉድጓድ ቆፋሪ ታሪክ ነው። ሰውየው ጥልቅ ጉድጓድ ሲቆፍር ከሥር አንድ ሻጋታ ጣቱ ላይ ይይዘዋል። ሻጋታው ከጣት ወደ ክንድ፣ ከክንድ ወደ ፊት ይወጣል። መንደሩ ይሸሸዋል፣ ከዚያ በገዛ ቤቱ ውስጥ በጭቃ ያሽጉበታል። ጋሽ ምትኩ ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ አድርገው ሳያቋርጡ ይናገራሉ፣ እኔ ካርቶኑን በክንዴ አስደግፌ፣ በአንድ እጄ ነጠላውን ይዤ በአንዱ እጽፋለሁ።

«ትዕይንት አሥራ ሦስት …»

«አሥራ ሁለትን ዘለልክ» አሉ እትዬ ጽጌ ከሳፋው ቀና ሳይሉ። «ሚስቱ ሩዝ የምታጥበውን። እሱን ካልጻፍክ ኋላ ሩዙ ከየት እንደመጣ አይገባም።»

«አንባቢዬ ተቆጣች» አሉ ጋሽ ምትኩ፤ ፈገግ አሉ።

ያኔ ነው የገባኝ። ሠላሳ አንዱም መጽሐፍ የተዘጋጀው ለእትዬ ጽጌ ነው። እንግሊዝኛ የማይችሉ፣ ሰንበት የማያጓድሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ ያዘነላቸው እትዬ ጽጌ የፊልሞቹ ወዳጅ እሳቸው ነበሩ። ከመደርደሪያው ላይ ያቺ ትል የተጠመጠመባት ሴት ቁልቁል ታየኛለች። ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

ትዕይንት ሃያ አምስትን ጽፌ ስጨርስ እትዬ ጽጌ ፋሻውን ከቁስሉ ላይ አነሱት። ከዚያ ወዲያ የሆነውን በግልጽ ልጻፈው፣ ይሄን ጽሑፍ የጀመርኩትም ለዚሁ ነው። ነጠላዬን አፍንጫዬ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። ጋሽ ምትኩ «ሃያ ስድስት፣ የመጨረሻው» ብለው ሲጀምሩ እስክሪብቶዬን ከወረቀቱ ላይ አነሳሁ። ግን የምጽፍ መሰልኩ። ጭንቅላቴን እየነቀነቅኩ፣ የእስክሪብቶውን ጫፍ አየር ላይ እያመላለስኩ፣ በልቤ ደረጃ እቆጥር ነበር፤ ከዚህ እስከ ቤቴ ስንት እርምጃ እንደሆነ። ረጅም ተናገሩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። አንድም ቃል አልሰማሁም። በመጨረሻ ወደኔ ዞሩ።

«ጻፍሽው?»

«አዎ ጋሼ፣ ጻፍኩት።»

ጥቂት አዩኝ። «እግዜር ይስጥልኝ ሰናይት፣ ደክመሽልኛል» አሉ።

ሦስት ፎቅ በሩጫ ወጣሁ። ነጠላዬን በረኪና ውስጥ ነከርኩት፣ ከዚያም አላመንኩትምና ጣልኩት። ነገ ወርጄ «አንዲት ቃል አምልጣኛለች» ብዬ እጠይቃቸዋለሁ አልኩ። ነገ ሲመጣ ከነገ ወዲያ አልኩ። ሁለት ሳምንት ነገ ስል ከረምኩና ስልኬ ላይ አውራ ጣቶቹ መጡ።

ለቅሶው ላይ ድንኳኑ ሞላ። በሕይወት እያሉ በሩን ያላለፈው ሁሉ አሁን ሳሎን ውስጥ ፍራሽ ላይ ተጨናንቆ ይቀመጣል። ሬሳው ወጥቷል፣ ቤቱ በዴቶል ታጥቧል፤ አሁን መግባት ይቻላል። ወይዘሮ ዘነበች «ወንድሜ! ጋሻዬ!» እያለች ደረቷን ትደቃለች። አስጠላችኝ። አጠገቧ ተቀምጬ ራሴም አስጠላሁኝ። እሷ ቢያንስ አልጻፈችም እንጂ ጻፍኩ አላለችም።

አንዷ ሴት እንግዳ ይደነግጣል ብላ ሳጥኖቹን ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞረቻቸውና አንሶላ ጣለችባቸው። እትዬ ጽጌ ከልቅሶው መሀል ብድግ አሉ። አንሶላውን ሳቡት፣ አጠፉት። ከዚያ ሠላሳ አንዱንም አንድ በአንድ ፊታቸውን ወደ ሰው መለሷቸው፤ መቀነታቸውን በጣታቸው እያስተካከሉ። ጨርሰው ተመልሰው ተቀመጡ። «ሐዘን አዞራት» ብሎ አንዱ ሲያንሾካሹክ ሰማሁ።

ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ሱቄ ገብቼ የመጨረሻዋን መተየብ ጀመርኩ። ሃያ አምስት ላይ ደረስኩና ቆምኩ። ፊልሙን አላየሁትም፣ የተናገሩትን አልሰማሁም። ግማሽ ገጽ ነጭ ወረቀት ፊቴ ቀረ። ከዚያ መሀል ላይ፣ በደማቁ፣ «ተፈጸመ» ብዬ ጻፍኩና አተምኩት። በሳጥኑ ልክ ቆረጥኩት፣ ሰፋሁት፣ ሽፋኑን ላሚኔት አደረግኩት። እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም፤ እሱም ያስጠላኛል።

ቅዳሜ፣ እሳቸው ይመጡበት በነበረው ሰዓት፣ ይዤው ወረድኩ። መድረኩ ላይ ሰጥቼ ልመለስ ነበር። እትዬ ጽጌ እጄን ይዘው አስገቡኝ። ከዴቶሉ ሥር ያ ሽታ አሁንም አለ፤ ምንጣፉ ውስጥ ገብቷል። ነጠላ አልደረብኩም ነበር።

«ብቻዬን አይቼው አላውቅም፤ አብረን እናየዋለን» አሉኝ። ጥቁር ለብሰው፣ መነጽራቸውን አድርገው፣ የጋሽ ምትኩን ነጭ ጓንት አጠለቁና ሳጥኑን ከፈቱ። መጽሐፌን ከእንግሊዝኛዋ መጽሐፍ ጎን ለክተው አዩ። «ልክ ናት» አሉ።

እንዲህ ነው የሚያዩት፦ ትዕይንቱ ሊጀምር ሲል ያቆሙታል፣ ከመጽሐፉ ጮክ ብለው ያነቡታል፣ ከዚያ ይለቁታል። መሀል መሀል እኔን በክርናቸው ጎሸም ያደርጉኛል። «ይቺን አማቱን እያት፣ ጉድጓዱን ቆፍር ያለችው እሷ ናት፣ አሁን ቀድማ ትሸሻለች።» ሻጋታው ፊቱ ላይ ሲደርስ ዓይኔን ወደ መጋረጃው መለስኩ፤ እሳቸው ግን ሽሮ እንደሚያማስል ሰው ረጋ ብለው ያያሉ። ሃያ አምስት አለቀ። ገጹን ገለጡ።

«ተፈጸመ» ብለው አነበቡ።

ፊልሙን ለቀቁት። አልተፈጸመም። በጭቃ የታሸገው በር ከውጭ በኩል ይቆፈራል። አቆሙትና መነጽራቸውን አወለቁ።

«ከዚያስ?»

«እትዬ ጽጌ» አልኩ። «አልጻፍኩትም። ሸተተኝ። የጻፍኩ መስዬ ነው የቆምኩት።»

«አውቃለሁ።» አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። «እሱም ያውቅ ነበር። ካርቶን ላይ ስትጽፊ ይንቋቋል እኮ። ዝም ሲል ሁለታችንም ሰማን።»

«ታዲያ መናገር ለምን አላቆሙም?»

«ስለዚያው ነዋ የተናገረው። ‹ሰናይት መጻፍ አቁማለች፣ እንዳትቆጫት› አለኝ። ‹እኔም እዚህ ጋ ስደርስ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ይሄ መጽሐፉ ላይ ይግባ። ይሄን የመጨረሻውን ምትኩ አላየውም፣ ጽጌ ናት የነገረችው፣ ተብሎ ይጻፍ› አለ። ከሄድሽ በኋላ ብዙ ሳቅንበት። አንቺ እንኳ ጭንቅላትሽን ትነቀንቂ ነበር።»

«አይተውት አያውቁም?»

«አንድም ቀን። ሌላውን አፍንጫውን አስነክቶ ነው የሚያየው። እዚህ ጋ ሲደርስ ትራሱን ፊቱ ላይ ያደርግና ‹ምን ሆነ? ምን ሆነ?› ይለኛል። እነግረዋለሁ።»

መጀመሪያ ተናደድኩ። ስንት ቅዳሜ «ጠጋ ብለሽ እይ» ያሉኝ ሰው! ቀጥሎ የመጣብኝ ከንዴት የከፋ ነው። ጆሮዬን ብቻ ብሰጣቸው ኖሮ፣ እስክሪብቶዬን መልሼ ወረቀቱ ላይ ባሳርፍ ኖሮ፣ ይቅርታዬን ከገዛ አፋቸው በገዛ እጄ እጽፈው ነበር። እንዲያውም ተናገሩት። እኔ ደረጃ እቆጥር ነበር።

«አሁን የሚጨፍንልኝ ሰው የለም» አሉ እትዬ ጽጌ ወደ ቴሌቪዥኑ ዞረው። «ከፈለግሽ ጨፍኚ። እነግርሻለሁ።»

ለቀቁት።

በሩን የምትቆፍረው ሚስቱ ናት። ትገባለች። ሰውየው ጥግ ላይ ነው፤ ሰው መሆኑ የሚታወቀው በአፉ ብቻ ነው። ሻጋታው እርጥብ ነው፣ ይተነፍሳል። ሩዙን በሳህን ይዛለች፣ ያንን በአሥራ ሁለት ያጠበችውን። በጣቷ ጠቅልላ አጎረሰችው። ጣቷ እስከ መገጣጠሚያው አፉ ውስጥ ገባ፤ ስታወጣው አረንጓዴ ነገር ተስቦ አብሮት ወጣ። እጇን አየችው። ልብሷ ላይ ልትጠርግ ነው ብዬ ጠበቅሁ። በዚያው እጇ ከሳህኑ ጠቀለለችና ራሷ ጎረሰች።

ያስጠላል። በሕይወቴ እንደዚያ የሚያስጠላ ነገር አላየሁም፤ እጄ ልክ እንደዚያ እሑድ ነጠላ ፍለጋ ሄደ። ዓይኔን ግን አልጨፈንኩም፤ ምስሉ ጠፍቶ ጃፓንኛው ጽሑፍ እስኪያልቅ ድረስ።

እትዬ ጽጌ የጋሽ ምትኩን እርሳስ ከመደርደሪያው አንስተው ሰጡኝ። መጽሐፏን ከሳጥኑ ላይ አነሳሁ፣ «ተፈጸመ»ን ሰረዝኩ። ትዕይንት ሃያ ስድስት፣ ብዬ ጻፍኩ፣ ምትኩ አላየውም። ሳትጠርግ ጎረሰች።